ከጀርባ የሚቀዳው ውሃ ምን ይመሰክራል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ በሽታ ለመናገር መነሣታችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት የአንዱ ጓደኛችን ታናሽ ወንድም ታሞ ያየነው ነገር ዝም የሚያሰኝ አልሆነም።

ልጁን ትኩሳት ያዘው፤ ራሱን ፈለጠው፤ አንገቱም እንደ እንጨት ደረቀ። ሐኪሙ ማጅራት ገትር ነው ብሎ ጠርጥሮ ከጀርባው ውሃ እንዲቀዳ ባዘዘ ጊዜ እናቱ፣ «ልጄን ሽባ ልታደርጉት ነውን?» ብለው አለቀሱ። እኛም አጠገባቸው ቆመን የምንመልሰው ቃል አጣን። ዛሬ የምንናገረው ያን ጊዜ ልንመልስላቸው ይገባን የነበረውን ነው።

አንጎላችንና ሕብለ ሰረሰራችን እንደ ምንጭ ውሃ በጠራ ፈሳሽ ተከበዋል። ይህን ፈሳሽ ከወገብ በመርፌ የመቅዳትን ዘዴ ጀርመናዊው ሐኪም ክዊንከ እ.ኤ.አ. በ1891 አስታወቀ። ሕብለ ሰረሰር የሚያበቃው ከወገብ ላይኛው ክፍል ስለሆነ፣ መርፌው ከዚያ ዝቅ ብሎ ይገባል እንጂ እርሱን አይወጋውም።

በጤነኛ ጎልማሳ ዘንድ በ100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ15 እስከ 45 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። በደም ውሃ ውስጥ ግን ወደ 7,000 ሚሊግራም ይደርሳል፤ በሁለቱ መካከል እንደ አጥር የቆመ ግርዶሽ አለና። በሽታ አጥሩን ሲያላላው ፕሮቲኑ ሾልኮ ይገባል። ሃንጋሪያዊው ፓንዲ እ.ኤ.አ. በ1910 ባወጣው ዘዴ፣ የፈሳሹ ጠብታ በፌኖል ውሃ ላይ ሲጨመር ነጭ ደመና ከታየ ፕሮቲኑ መብዛቱ ይታወቅ ነበር። ዛሬ መሣሪያ በብርሃን ለክቶ ቁጥሩን ይሰጣል።

ሆኖም ይህ ቁጥር ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። በባክቴሪያ በሚመጣ ማጅራት ገትር ፕሮቲኑ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊግራም ያልፋል፤ ነጭ ሕዋሳት ይበዛሉ፤ ስኳሩም ይጎድላል። ጊላን፣ ባሬና ስትሮል እ.ኤ.አ. በ1916 በገለጡት የነርቭ በሽታ ግን ፕሮቲኑ ሲጨምር ሕዋሳቱ አይበዙም። ስለዚህ ሐኪም ምስክሮቹን ሁሉ አስተያይቶ ይፈርዳል።

አገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ ስላለች፣ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

በመጨረሻ የልጁ አባት እሺ አሉ። ፈሳሹ እንደ አጓት ደፍርሶ ወጣ፤ መድኃኒቱም ውጤቱ ሳይጠበቅ ወዲያው ተጀመረ። ኋላ ሲለካ ፕሮቲኑ 210 ሚሊግራም ሆኖ ተገኘ። ልጁ ዛሬ ከታናናሾቻችን ጋር ከፊታችን ተቀምጧል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እንግዲህ እኛ የተማርን ልጆች፣ እናቶቻችን በሐኪም ቤት ደጃፍ ሲጨነቁ ዳግመኛ ቃል አጥተን አንቁም።