ውጋትና የሳምባ መኰማተር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በጤና ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



የመረጥሁት አርእስት የሳምባ መኰማተር ነው። ስሙ ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም ነገሩ ለቆቦና ለራያ ቆላ ሰው እንግዳ አይደለም። በየቤታችን «ውጋት ያዘው» ከምንለው ሕመም አንዳንዱ ይኸው ነውና።

ውጋት የስሜት ስም ነው እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ከሳምባ ምች፣ ከልብ ሕመም፣ ከጡንቻ ጉዳት፣ ከሳምባ መኰማተርም ይመጣል። እኛ ግን ሁሉን በአንድ ስም ስለምንጠራው ሁሉን በአንድ መድኃኒት ልናድነው እንሞክራለን፤ ዋግምት እናስደርጋለን፣ ቅጠል እናሻለን። ዋግምት ከቆዳ ሥር ደም ይስባል፤ በደረት ውስጥ የታሰረውን አየር ግን ሊያወጣ አይችልም። በዚህ መካከል የሚያልፈው ሰዓት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

እንግዲህ ሳምባ የሚኰማተረው እንዴት ነው? ቀጥቃጭ ወናፉን ሲከፍተው አየር ይገባል፤ ሲጫነው ይወጣል። ደረታችንም እንደዚሁ ነው። ሳምባ ራሱን የሚያሰፋበት ጡንቻ ስለሌለው ደረት ሲሰፋ ተከትሎ ይሰፋል። በሳምባና በደረት ግድግዳ መካከል ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ፤ በመካከላቸውም ጥቂት እርጥበት አለ። ሁለት የረጠቡ መስተዋቶች ቢደራረቡ ይንሸራተታሉ እንጂ በቀላሉ አይላቀቁም። ነገር ግን በሽፋኖቹ መካከል አየር የገባ እንደሆነ ሳምባው ከግድግዳው ይለቅና እንደ ተለጠጠ ላስቲክ ይሰበሰባል። ሐኪሞች ይህን ኒሞቶራክስ ይሉታል። ስሙን በ1803 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ያወጣው ኢታር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው።

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። አንደኛ፣ ያለ ግልጽ ምክንያት በድንገት ይመጣል፤ ይህ በተለይ ረዣዥምና ቀጫጭን ወጣት ወንዶችን ያጠቃል። በሳምባቸው ጫፍ ያለች ትንሽ የአየር እብጠት ስትፈነዳ የሚሆን ነው። ሲጃራ ማጤስም አደጋውን እጅግ ያበዛዋል። ሁለተኛ፣ የቆየ የሳምባ በሽታ ሳምባውን ሲበሳው ይመጣል፤ ከእነዚህም አንዱ የሳምባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ቲቢ ከበዛባቸው 30 አገሮች መካከል ኢትዮጵያን ስለሚቈጥር ይህን ልንዘነጋው አይገባም። ሦስተኛ፣ የደረት ጉዳት ነው። በበሬ ቀንድ መወጋት፣ ከግመል ወይም ከዛፍ መውደቅ፣ የዱላና የጩቤ ጠብ፣ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚያልፈው መንገድ ላይ የሚደርሰው የመኪናና የባጃጅ አደጋ ሁሉ የጎድን አጥንት ሰብረው ሳምባን ሊበሱ ይችላሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አገራችንን በደረሰ ጊዜ ደግሞ ጥይትና ፍንጣሪ በሰው ደረት ላይ ምን እንደሚያደርግ ሕዝባችን በዓይኑ አይቷል።

ምልክቱ ይህ ነው፤ በአንድ ወገን ደረት ላይ በድንገት የሚጀምርና ሲተነፍሱ የሚብስ ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ አንዳንድ ጊዜም ደረቅ ሳል። ሐኪሙ ያንን ወገን በጣቱ ሲመታው እንደ ባዶ ጋን ይጮኻል፤ በማዳመጫ ሲያዳምጠው ግን የትንፋሹ ድምፅ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። የራጅ ፎቶግራፍም ነገሩን ያረጋግጣል።

ከሁሉ የከፋው አየሩ እየገባ መውጫ ሲያጣ ነው። ያን ጊዜ አየሩ ልብንና ደኅነኛውን ሳምባ ይጫናል። ከንፈር ይጠቍራል፣ የአንገት ሥር ሊገተር ይችላል፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ በሽተኛው ራሱን ይስታል። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ሐኪሙ ራጅ ሳይጠብቅ ወፍራም መርፌ በጎድን አጥንቶች መካከል አስገብቶ አየሩን ያስተነፍሰዋል።

ሕክምናው እንደ ጉዳቱ መጠን ነው። ጥቂት አየር ብቻ ከሆነ በሽተኛው እያረፈ ይጠበቃል፤ ሰውነቱ አየሩን ቀስ በቀስ ይመጠዋል፣ ኦክሲጅንም ያፋጥነዋል። ብዙ የሆነ እንደሆነ በመርፌ ይሳባል፤ ወይም ቱቦ ወደ ደረት ገብቶ ሌላው ጫፉ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ ይጠልቃል። አየሩ በውኃው ውስጥ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፤ ውኃው ግን ተመልሶ እንዳይገባ ይከለክለዋል። ስለዚህ አስታማሚዎች ያንን ጠርሙስ ከበሽተኛው ደረት በላይ ከፍ ማድረግ የለባቸውም። በድንገት የመጣው ዓይነት ከሦስት ሰዎች በአንዱ ያህል ይደገማል፤ በሚደጋገምበት ጊዜ የቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

የሚያስደንቀው ነገር ይህንኑ ጉዳት ሐኪሞች ለመድኃኒት የተጠቀሙበት ዘመን መኖሩ ነው። በ1882 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ፎርላኒኒ የተባለ ኢጣልያዊ ሐኪም በነቀርሳ የታመመ ሳምባ እንዲያርፍ አየር ወደ ደረት አስገብቶ ማኰማተርን አሰበ። ይህም ሕክምና የነቀርሳ መድኃኒቶች እስኪገኙ ድረስ በብዙ አገር ይሠራበት ነበር። ዛሬ ግን ቲቢ በመድኃኒት ይድናል፤ በአገራችንም መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ሁለት ሳምንት ያሳለ ሰው አክታውን ያስመርምር። በድንገት ውጋት ይዞት ትንፋሽ ያጠረው ሰው ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። በደረት ላይ የተሰካ ጩቤ አይነቀል፤ ቍስሉም በጨርቅ አይጠቅጠቅ። ከዞብል ተራራ በቃሬዛ የምናወርደው በሽተኛ አከርካሪው ካልተጎዳ በቀር ደረቱ ቀና ብሎ ይምጣ፤ ትንፋሹ ይቀለዋልና። ከቆቦ እስከ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከተራራው እስከ ቆቦ ያለው መንገድ ግን በሰው ትከሻ የሚታለፍ ስለሆነ እቤት የምናባክነው ሰዓት ሁሉ በዚያ ላይ ይጨመራል።

ውድ ጓደኞቼ፤ እኛ ተማሪዎች ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን ከየመንደራችን የመጣን ነንና ዛሬ ማታ ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን «ውጋት ሁሉ አንድ አይደለም» ብለን ብንነግራቸው ታላቅ ሥራ ሠራን ማለት ነው።