ባለቤቱን ካልናቁ



ሲያትል ብዙ ሺህ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው የዱዋሚሽና የሱኳሚሽ ሕዝቦች መሪ ከነበረ ሰው ነው፤ መቃብሩም ከባሕሩ ማዶ፣ በሱኳሚሾች ምድር ይገኛል። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሴቶች ለምን ይህን ያህል እየጠፉና እየተገደሉ ይቀራሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከመልሱ አንዱን እዚያው ያገኘዋል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ሱኳሚሾች የመሪያቸውን መታሰቢያ በዓል ሲያከብሩ፣ በምድራቸው የሚኖር ኦሊፋንት የተባለ ነጭ ሰው ፖሊስ መትቷል፣ አልያዝም ብሏል ተብሎ ታሰረ። በጎሳው ፍርድ ቤት ሲከሰስ ግን እናንተ ልትዳኙኝ አትችሉም ብሎ ተከራከረ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1978 ተበየነለት። ጎሳዎች ነባር ተወላጅ ያልሆነን ሰው በወንጀል የመዳኘት ሥልጣን የላቸውም ተባለ።

አባቶቻችን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። ያ ብያኔ በመላው አሜሪካ ባለቤቱን አስናቀ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የመጣ ሰው በነባሮቹ ምድር ሴት ቢደበድብ ወይም ቢደፍር፣ ተበዳዮቹ በገዛ ፍርድ ቤታቸው ሊከሱት አልቻሉም። የፌዴራሉን ወይም የግዛቱን ዐቃቤ ሕግ ደጅ መጥናት ሆነ ዕጣቸው። የአገሪቱ ፍትሕ ሚኒስቴር የምርምር ተቋም በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ከነባር ሴቶች 84 በመቶው በዕድሜያቸው ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ 97 በመቶዎቹን ነባር ያልሆነ ሰው አጥቅቷቸዋል። ፍርድ ቤቶቹ እንዳይነኩት የተከለከሉት እንግዲህ ይህንኑ ሰው ነው።

እናት ልጄ ጠፋች ብላ ስትጮኽ፣ መሬቱ የማን ነው፣ ተጠርጣሪው ከየት ነው፣ መዝገቡን የሚከፍተው ማን ነው እየተባለ ውድ ሰዓት ያልፋል። የጠፋ ሰው ፍለጋ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ከተነጠቀ መልሶ አያገኛቸውም።

ከተማ የገቡትም ከዚህ አላመለጡም። ሲያትል የሚገኘው የከተማ ነባር ሕዝቦች የጤና ተቋም በ2018 ባወጣው ዘገባ፣ በ2016 ብቻ በመላ አገሪቱ የነባር ሴቶችና ልጃገረዶች የመጥፋት ሪፖርት 5,712 ደርሶ ነበር። በፍትሕ ሚኒስቴሩ የጠፉ ሰዎች መዝገብ የገቡት ግን 116 ብቻ ናቸው። ተቋሙ ካጠናቸው 71 ከተሞች ከፍተኛው ቁጥር፣ 45 የመጥፋትና የመገደል ጉዳይ፣ የተገኘው በሲያትል ራሷ ነው። ፖሊስ የጠፋችውን ወይም የሟቿን ዘር ሳይጽፍ ሲቀር፣ ወይም በግምት ሌላ ሲጽፍ፣ ሕዝቧ ስለ እሷ የሚጠይቅበትን ማስረጃ ያጣል።

ቤተሰቦች ግን ዝም አላሉም። በየዓመቱ ሜይ 5 ቀይ ለብሰው የልጆቻቸውን ስም ይዘው አደባባይ ይወጣሉ። ግፊታቸው ፍሬ አፍርቷል። በ2013 እና በ2022 የወጡ ሕጎች በቤት ውስጥ ጥቃት፣ በአስገድዶ መድፈርና በመሳሰሉት ወንጀሎች የዳኝነቱን ሥልጣን በከፊል መልሰዋል። በ2020 የጸደቀውና በተገደለች ወጣት ስም የተጠራው የሳቫና ሕግ የመረጃ አያያዙ እንዲስተካከል አዝዟል። ዋሽንግተን ግዛትም በ2022 ለጠፉ ነባር ተወላጆች የተለየ የአፋልጉን መልእክት ስትጀምር ከግዛቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆናለች።

ነገር ግን ሥልጣኑ ከተመለሰባቸው ወንጀሎች ዝርዝር ውስጥ ግድያ የለም። በገዛ ምድሩ ልጁን የገደለበትን ሰው መዳኘት የማይችል ሕዝብ ፍትሕ አገኘ ሊባል አይችልም፤ ሙሉ ሥልጣኑ ሊመለስለት ይገባል።

በሲያትልና በአካባቢዋ የምትኖሩ አድማጮቻችን፣ ያ የአፋልጉን መልእክት በአውራ ጎዳና ሰሌዳ ላይ ወይም በዜና ሲመጣ በጥሞና ተመልከቱት። ያያችሁት ነገር ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ለፖሊስ ንገሩ። በመሪያቸው ስም በተጠራች ከተማ ተጠልለን የምንኖር ሰዎች ልጆቻቸውን በማፈላለግ ልናግዛቸው ይገባል።