የእቶን መደርደሪያ ከምጣድ ይነሣል



በአገራችን ሸክላ በአብዛኛው የሚተኮሰው ሜዳ ላይ፣ በኩበትና በእንጨት ክምር ውስጥ ነው። በዚህ አሠራር መደርደሪያ የለም፤ ዕቃው በዕቃው ላይ ይደገፋል። ለሸሕዲ ሸክላ ሠሪዎች እቶን ይቅረብ ቢባል፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሙቀቱ መጠን ይሆናል። እኔ ግን የምጠይቀው ምጣድ ያስገባል ወይ ብዬ ነው። የእንጀራ ምጣድ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። መደርደሪያው 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ እቶን ለጀበና ይበቃል፤ በምጣድ የምትተዳደር ሴት ግን እቶኑን ተቀብላ ወደ ሜዳዋ ትመለሳለች።

ስለ ዓይነቱ ብዙ አልልም። ሲሊኮን ካርባይድ ጠንካራ ነው፤ ግን ውድ ነው። የእኛ ሸክላ በአብዛኛው ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ስለሚተኮስ ኮርዲዬራይት ይበቃዋል፤ ሲሞቅ የሚሰፋው ጥቂት በመሆኑ ሙቀትና ቅዝቃዜ ቢፈራረቁበትም ቶሎ አይሰነጠቅም። ከአንድ ሰፊ ሰሌዳ ይልቅ ሁለት ግማሾችን እመርጣለሁ፤ ሙቀቱ በሰሌዳው ላይ ሲለያይ የመሰንጠቅ አደጋው ይቀንሳል። ከግድግዳው ጋር ግን አይጠጋ፤ እሳቱ መተላለፊያ ይፈልጋል።

እያንዳንዱ ግማሽ በሦስት እግር ይቁም። አራት እግር ሲሆን አንዱ ካጠረ ሰሌዳው ይወዛወዛል። (ይህን ለእናቶቻችን ማስተማር አያሻም፤ ጉልቻም ሦስት ነው።) የላይኛው ደርብ እግሮች በታችኛዎቹ ትክክል ይረፉ፤ አለዚያ ክብደቱ ሰሌዳውን ይሰብረዋል።

ሰሌዳው ከጎንደር በመኪና ተጭኖ ሲደርስ፣ ከመረከባችሁ በፊት አንድ በአንድ አንሥታችሁ በጣት አንኳኩት። ደኅናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ገበያ ላይ ጀበና የምትገዛ ሴት የምታደርገውም ይህንኑ ነው።