ጥንቃቄው ከእናት ተክሉ ይጀምር
(ለሰበካ ጉባኤና ለልማት ኮሚቴ አባላት የተደረገ ንግግር)





ባለፈው ክረምት ለየአጥቢያው እናደርሳለን ያልነውን የቀርከሃ ችግኝ በሙሉ አላደረስንም። ወጪው ምእመናን ካዋጡት ገንዘብ ጭምር የተሸፈነ በመሆኑ ምክንያቱን በግልጽ ልንነግራችሁ ይገባል። በቲሹ ካልቸር ለማባዛት በጠርሙስ ካስቀመጥናቸው አንጓዎች ብዙዎቹን ሻጋታ አጠፋብን።

ዘዴውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የደጋ ቀርከሃ የሚያብበው በብዙ ዓመታት አንድ ጊዜ ስለሆነ ዘሩ እንደ ልብ አይገኝም። ከነሥሩ ቆፍሮ መትከልም አድካሚ ነው፤ ከአንድ እናት ተክል የሚገኘውም ጥቂት ነው። በቲሹ ካልቸር ግን ከአንዲት አንጓ የወጣ ቡቃያ እየተከፋፈለ ብዙ ችግኝ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ለቡቃያው የምናዘጋጀው ስኳርና ማዕድን ያለበት ምግብ ለፈንገስም ይስማማል። ፈንገሱም ከቡቃያው ፈጥኖ ያድግና በጥቂት ቀናት ጠርሙሱን እንደ ድር ይሸፍነዋል። ስለዚህ ምግቡ ከነጠርሙሱ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀቀላል። አንጓው በሳሙና ታጥቦ በ70 በመቶ አልኮል ለአጭር ጊዜ፣ ቀጥሎም በተመጠነ በረኪና ይነከራል፤ ከዚያም ከጀርም በጸዳ ውኃ ደጋግሞ ይለቀለቃል። በረኪናው ቢበዛ ቡቃያውን ይገድላል፤ ቢያንስ ፈንገሱን ያስተርፋል።

የእኛንም ጥፋት አንሸሽግም። ሻጋታ የታየባቸውን ጠርሙሶች መጣል አሳዝኖን ቡቃያውን ለማትረፍ ከፈትናቸው። እንደ ዱቄት የደቀቀው የፈንገስ ዘር በአየር ተበትኖ ንጹሐኑንም አበላሸ። ዛሬ እንዲህ ያለውን ጠርሙስ ሳንከፍት ቀቅለን እናስወግዳለን።

ነገር ግን በአንጓው ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ፈንገስም አለ። ከላይ የሚደረግ እጥበት አይደርስበትም። ይህን መከላከል የሚጀምረው ቅርንጫፉ ከሚቆረጥበት ከእናንተ ዘንድ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ ቅርንጫፉን ከጤናማና ከወጣት ተክል፣ ዝናብ በሌለበት ወቅት ቁረጡ፤ መሬት የነካውን ተዉት። ሁለተኛ፣ የቆረጣችሁትን በፌስታል አፍናችሁ አታሳድሩ፤ በዕለቱ ላኩልን። ሦስተኛ፣ የሚቻላችሁ አጥቢያዎች ጥቂት እናት ተክሎችን ዝናብ በማያገኛቸው መጠለያ ውስጥ አሳድጉ፤ ውኃውንም ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አታፍስሱ።

ይህ ከተደረገ ሻጋታው ፈጽሞ ይጠፋል አንልም፤ ጉዳቱ ግን ይቀንሳል። እኛም በየዙሩ ስንት ጠርሙስ እንደተረፈና ስንት እንደተበላሸ ቆጥረን፣ ሳንደብቅ ልናሳውቃችሁ ቃል እንገባለን።