አረቄ በኤሌክትሪክ ለማውጣት ምን ዓይነት ምድጃ እንግዛ?

(በማኅበራችን የወሩ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር)



አረቄ በማውጣት ከሚተዳደሩ አባሎቻችን ብዙዎቹ ለኤሌክትሪክ ምድጃ መግዣ ብድር እየጠየቁ ነው። እንጨት ተወዷል፤ የጭሱን ነገር ደግሞ ዓይናችሁ ይመስክር። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ስለ ድፍድፍና ስለ ዳግም አረቄ ለእናንተ ላስተምር አልመጣሁም። የማነሣው ስለ ምድጃው ነው። ምድጃው የማይሆን ከሆነ የሚቃጠለው የብድሩ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቤቱም ነውና።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። አልኮል በ78 ዲግሪ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ደግሞ ውሃው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ድፍድፉ የሚፈላው በሁለቱ መካከል ነው፤ አልኮሉ እየወጣ ሲሄድ የመፍያው ሙቀት ከፍ ይላል። ስለዚህ ሙቀቱን የሚወስነው ድፍድፉ ራሱ ነው። እኛ የምንወስነው እንፋሎቱ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ ነው። ዋት ስንጨምር እንፋሎቱ ይበዛል፤ ተቀባዩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ካልቻለው ግን አረቄያችን ተንኖ ይሄዳል። ያ እንፋሎት ደግሞ እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል።

ይህንን በእንጨት ስትሠሩ ታውቁታላችሁ። ድፍድፉ እስኪፈላ እሳቱን ታነዱታላችሁ፤ መንጠባጠብ ሲጀምር እንጨቱን ጎተት ታደርጋላችሁ። ኤሌክትሪክ ምድጃ ስትገዙም የመጀመሪያው ጥያቄ «እንጨቱን የምጎትተው በምኑ ነው?» መሆን አለበት።

ገበያ ላይ ያለው ማዞሪያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሙቀት መጠን የሚሠራ፣ ማለትም ቴርሞስታት ነው። ሲሞቅ ጨርሶ ይጠፋል፤ ሲበርድ በሙሉ ኃይሉ ይበራል። መብራቱ ቦግ ድርግም ሲል፣ «ጧ» የሚል ድምፅም ሲያሰማ ታውቁታላችሁ። ሲበራ ድፍድፉ ይንተከተካል፤ ሲጠፋ ማሰሮው ይቀዘቅዛል። የቱቦው ጫፍ አረቄው ውስጥ ከተነከረ ደግሞ የወጣው ወደ ኋላ ሊሳብ ይችላል። ሁለተኛው ኃይሉን በደረጃ ወይም ቀስ በቀስ የሚቀንስ ነው። ለአረቄ የሚሆነው ይኼ ነው። በኤሌክትሮኒክስ መቀነሻ የምትሠሩ ከሆነ የመቀነሻው አቅም ከምድጃው ዋት በእጥፍ ይብለጥ፤ የሚገጥመውም ባለሙያ ይሁን።

ሽቦው የሚታየውን የሸክላ ምድጃ ግን ለዚህ ሥራ ተዉት። የጋለው ሽቦ የአልኮል እንፋሎትን ያቀጣጥላል፤ ሽቦው ብረት ድስት ከነካ ደግሞ ሰው ይይዛል። ሽቦው በብረት የተሸፈነው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ስለሚግል እንፋሎት የሚያፈስ መጋጠሚያ አጠገቡ አይኑር፤ ተቀባዩም ራቅ ይበል። ክብ ቂጥ ያለው ማሰሮ በጠፍጣፋ ምድጃ ላይ ሙቀት በደንብ አይቀበልም፤ ጠፍጣፋ ስቴንለስ ድስት ያስፈልጋል። ድፍድፉ ውስጥ የሚነከር ማሞቂያ የምትመርጡ ደግሞ ድፍድፉን አስቀድማችሁ አጥሉት፤ አለዚያ ወፍራሙ ተጣብቆ ያርራል፣ አረቄውም የማረር ሽታ ይይዛል። ማሞቂያው ከፈሳሹ በላይ እንዳይወጣም መጠንቀቅ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። 20 ሊትር ድፍድፍ ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ለማድረስ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በአየር የሚጠፋው ሲታከል 2 ብለን እንያዝ። በ2000 ዋት አንድ ሰዓት ማለት ነው። ከዚያ ወደ 1000 ዋት ዝቅ አድርገን ሁለት ሰዓት ብናወጣ ሌላ 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በድምሩ 4 ይሆናል። የብሩን ወጪ ለማወቅ የወሩን ክፍያ ለኪሎዋት ሰዓቱ አታካፍሉ። የቤት መብራት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር ዋጋው ከፍ ስለሚል አማካዩ ያታልላችኋል። ምድጃው ከመግባቱ በፊት የነበረውን ቢል ከገባ በኋላ ካለው ቀንሱ፤ ልዩነቱን በወሩ ውስጥ ላወጣችሁበት ጊዜ ብዛት አካፍሉ። ከአንድ ጊዜ የእንጨት ወጪ ጋር የሚነጻጸረው ያ ነው።

2000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ይስባል፤ ያውም ያለማቋረጥ። ቀጭን ገመድና ማከፋፈያ ይህንን አይችሉም፤ ይግላሉ፣ ይቀልጣሉ። ምድጃው የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይኑረው። መብራት ሲጠፋ ማጥፊያውን ዝጉ፤ እናንተ በሌላችሁበት ተመልሶ ሲመጣ ምድጃው በሙሉ ኃይሉ እንዳይነሣ። ከተጣደ በኋላም ጥሎ መሄድ የለም።

ስለዚህ ለብድር ኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለምድጃ ብቻ ብድር አንስጥ። ምድጃው፣ ኃይል መቀነሻውና የመስመር ዝርጋታው በአንድ ብድር ተጠቃለው ይሰጡ። ብድሩ ከፍ ይላል፤ የመክፈያው ጊዜም ይርዘም። ለምትረዱን ወዳጆቻችንም የምለው ይኸው ነው፦ ምድጃ ስትሰጡን የመስመሩን ወጪ አብራችሁ አስቡልን። የጎደለው ገመድ የሚያስከፍለን ከምድጃው በላይ ነው።