የድሮ መልክ፣ የአዲስ ዘመን ካሜራ
አቅራቢ 1፦ ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ዜድ ኤፍ ካሜራ የ1982ቱን የፊልም ካሜራ ኤፍ ኤም 2 መስሎ ነው የመጣው፤ ውስጡ ግን ባለ 24.5 ሜጋፒክስል ዲጂታል ነው። እኔ ይህ ናፍቆትን መቸርቸር ብቻ አይደለም ባይ ነኝ። የሸተሩ ፍጥነትና አይኤስኦው አናቱ ላይ በተተከሉ የነሐስ ማዞሪያዎች ላይ ተቀርጸዋል፤ ካሜራው ጠፍቶም እንኳ ሸተሩ 1/250 ላይ መሆኑ በዓይን ይነበባል። ብዙዎቹ የዘመኑ ካሜራዎች ግን ስክሪኑ ካልበራ ይህን አይናገሩም። የፎቶ አንሺው ዓይን ሜኑ ሲያስስ ከሚውል ሰውን ቢያይ ይሻላል።

አቅራቢ 2፦ እሺ፣ ግን ግማሹ ልብስ ብቻ ነው እኮ! አብዛኞቹ የዜድ ሌንሶች ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳውን የሚያስተካክል ቀለበት የላቸውም። አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ኤፍ 2.8 ብትልም፣ የምትታዘዘው ለሌላ ማዞሪያ ነው። በዚያ ላይ ሰርግ የሚያነሳ ሰው እንደ ድሮው ልሥራ ብሎ ፎከሱን በእጁ ሲያጠራ ሙሽራዋ ታልፈዋለች።

አቅራቢ 1፦ ለሰርጉ ልክ ነህ፤ አውቶ ፎከሱም እዚያው አለ። የቀለበቱ መልስ ግን አሮጌ ሌንስ ነው። በዜድ ካሜራ የሌንሱ መግጠሚያ ከሴንሰሩ የሚርቀው 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በድሮዎቹ ኤፍ ካሜራዎች 46.5 ነበር። ልዩነቱን አዳፕተር ይሞላዋል፤ የ1970ዎቹ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይገጥማል፣ ቀለበቱም ቀጭ ቀጭ እያለ ይዞራል። የፎቶው ጠርዝ ትንሽ ቢደበዝዝ፣ የሰው ፊት የሚያነሳ ምን ገዶት?