ክረምት፣ ቤት እና የቤት ብድር

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



ክረምቱ ገብቷል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ልጆቻችን ጠዋት መድረሳ ይውላሉ፣ ከዙሁር በኋላ ግን ቤት ናቸው። ዝናቡ ሲጠና በር ይዘጋል። በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ ጭቃ የያዘ ጫማና ያልደረቀ ልብስ አብረው ያድራሉ። ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ባልዲ ይደቀናል። አከራይም በበኩላቸው «ልጆቹ ግቢውን አጨቀዩት» ይላሉ። አባወራው ከዒሻ ሶላት ሲመለስ ባለቤቱ «እስከ መቼ ነው በሰው ቤት የምንኖረው?» ትለዋለች። እሱም መልስ ያጣል።

ጥያቄዋ የምቾት ጥያቄ ብቻ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ነሕል አንቀጽ 80 ላይ ቤቶቻችንን የእርጋታ ስፍራ እንዳደረገልን ይነግረናል። ቤት መመኘት ዱንያ ወዳድነት አይደለም። የሚያሳስበን ምኞቱ በየት በኩል ይሟላል የሚለው ነው። ዛሬ የምንነጋገረውም በዚሁ ላይ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።

ቤት ፍለጋና ወለድ

በአዲስ አበባ በ1997 ዓ.ል፣ ቀጥሎም በ2005 ዓ.ል ለኮንዶሚኒየም ሲመዘገብ ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ተመዝግቧል። 20/80 የተባለው መርሐ ግብር 20 በመቶውን ቤት ገዥው እንዲከፍል፣ 80 በመቶው ደግሞ በባንክ ብድር እንዲሸፈን የተዘጋጀ ነው። ያን ጊዜ ብዙዎች «ብድሩ ወለድ አለበት፤ ምን እናድርግ?» እያሉ ሲጨነቁ ነበር። ከፊሉ ከዘመድ ተበድሮ፣ እቁብ ጥሎ፣ ወርቅ ሸጦ ሙሉውን ለመክፈል ሞከረ። ከፊሉ ዕድሉን ተወ። ከፊሉ ደግሞ ልቡ እየቆረቆረው ፈረመ።

ልቡ የቆረቆረው ያለ ምክንያት አልነበረም። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 275 አላህ (ሱ.ወ) መሸጥን ፈቅዶ አራጣን ከልክሏል። በሙስሊም ዘገባ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አራጣ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን ከፋዩን፣ ጸሐፊውንና ምስክሮቹንም አንድ ላይ አውግዘዋል። ስለዚህ «እኔ ከፋይ እንጂ ተቀባይ አይደለሁም» የሚለው ምክንያት አያድንም።

ዛሬ ሁኔታው እንደ ድሮው አይደለም። ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመጀመሪያ በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በመስኮት ተከፈተ። በ2011 ዓ.ል ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም ተፈቀደ። በ2013 ዓ.ል ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ ሥራ ጀመሩ። አልሐምዱሊላህ! ነገር ግን በር ተከፈተ ማለት ሳያዩ ይገባል ማለት አይደለም።

ሽያጭ ነው ወይስ ብድር?

አንዳንድ ወገኖቻችን «ስሙን ቀየሩት እንጂ ያው ወለድ ነው፤ እንዲያውም ይወደዳል» ይላሉ። ይህን ጥርጣሬ በቁጣ ሳይሆን በማስረዳት ነው ማስወገድ ያለብን። በምሳሌ እንየው።

በወለድ ብድር ባንኩ 3 ሚሊዮን ብር ይሰጠናል፤ በገንዘቡ ላይም ጊዜ በቆጠረ ቁጥር ወለድ ይታሰባል። የሸጠልን ነገር የለም። በሙራበሓ ግን ባንኩ ቤቱን ራሱ በ3 ሚሊዮን ብር ይገዛል፤ ከዚያም ትርፉን ገልጾ፣ ለምሳሌ በ4 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር፣ በ10 ዓመት እንድንከፍል ይሸጥልናል። በወር 35 ሺህ ብር ይሆናል። ዋጋው በተፈረመበት ቀን ተቆርጧል፤ ብንዘገይም 4 ሚሊዮን 200 ሺህ ብሩ አይወልድም። ሌላው መንገድ ሙሻረካ ነው። ባንኩና እኛ ቤቱን በጋራ እንገዛለን፤ የባንኩን ድርሻ በየጊዜው እየገዛን እንቀንሳለን፤ ለቀረው ድርሻ ደግሞ ኪራይ እንከፍላለን።

አዎን፣ ጠቅላላ ድምሩ ከወለድ ብድሩ ጋር ሊቀራረብ ወይም ሊበልጥ ይችላል። ሐላልን ከሐራም የሚለየው ግን የድምሩ ማነስ ሳይሆን የውሉ ዓይነት ነው። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ባንኩ ቤቱን ለኛ ከመሸጡ በፊት በእርግጥ ገዝቶታል ወይ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእጅ የሌለን ነገር መሸጥን ከልክለዋልና።

ሁለተኛ፣ ክፍያ ብናዘገይ ዋጋው ይጨምራል ወይ? የመዘግየት ቅጣት ካለ የት ይሄዳል? ለባንኩ ገቢ ከሆነ ከሸሸነው ነገር ጋር ዞረን ተገናኘን ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ባንኩ ገዝቶት እኛ ሳንረከበው ቤቱ ጉዳት ቢደርስበት ኪሳራው የማን ነው? ትርፍ የሚወስድ ወገን ኪሳራንም መሸከም አለበት።

እነዚህን መጠየቅ መብታችን ነው። ባንኩ መልስ ካለው ደስ ብሎት ያስረዳል። ውሉን ወደ ቤት ወስደን፣ ባልና ሚስት አብረን አንብበን፣ ለሚያውቅ ዓሊም አሳይተን እንፈርም።

«ዶሩራ (አስገዳጅ ችግር) ነው» የሚሉም አሉ። በውጭ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በ1999 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የፈትዋና የምርምር ምክር ቤት አማራጭ ላጡ የአውሮፓ ሙስሊሞች በቅድመ ሁኔታ የሰጠውን ፈትዋ ይጠቅሳሉ። በዚያም ፈትዋ ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል። ሐላል አማራጭ በተከፈተበት ከተማ የሚኖር ሰው ግን ያንን ፈትዋ ለራሱ ከመውሰዱ በፊት አማራጩን አሟጦ መፈለግ ይገባዋል።

ሐላል ዕዳም ዕዳ ነው

ሌላው መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ውሉ ሐላል ቢሆንም ወርሃዊ ክፍያው የልጆችን ምግብና የትምህርት ቤት ክፍያ የሚበላ ከሆነ በአዲሱ ቤት ውስጥ እርጋታ አይኖርም። ጥሩ ወር የሚያመጣውን ገቢ ሳይሆን ደካማው ወር የሚያመጣውን እናስላ። ለጊዜው የማይቻል ከሆነ እየቆጠቡ መቆየት ሽንፈት አይደለም።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶች ክፍሎች ምን ያህል ዝቅተኛ እንደነበሩ እናስታውስ። ሐሰን አል-በስሪ በልጅነታቸው ጣሪያውን በእጃቸው ይነኩ እንደነበር ተዘግቧል። ቁርኣን የወረደው እንዲህ ባሉ ክፍሎች ውስጥ ጭምር ነው። እኛም በዚህች ጠባብ ክፍል፣ በዚህ ክረምት፣ ልጆቻችን የቀሩትን ሱራ እናዳምጣቸው፤ የበቆሎ እሸት ጠብሰን፣ ቡና አፍልተን የነቢያትን ታሪክ እናውጋቸው። ልጅ ሲያድግ የሚያስታውሰው የጣሪያውን ከፍታ ሳይሆን ከጣሪያው ሥር የሰማውን ነው።

ለአከራዮቻችን

ቤት አላህ የሰጣችሁ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ቃል አለን። በ2016 ዓ.ል የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ለሙእሚን ደግሞ ከአዋጁ በላይ የጎረቤት ሐቅ አለበት። በሐምሌ ዝናብ ልጆች የያዘን ቤተሰብ «ውጣ» ከማለት በፊት አላህን እንፍራ። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ እናስጠግን። ኪራዩ ለዘገየበት ችግረኛም ጊዜ እንስጠው፤ በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 280 የታዘዝነው ይህንኑ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ቤት የሌላቸውን ከሐላል ቤት ይወፍቃቸው። ያላቸውንም አመስጋኝ ያድርጋቸው። ቤቶቻችንን ቁርኣን የሚቀራባቸው፣ ሪዝቃችንንም በረካ ያለው ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።